ኖራ አይደርቅም

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ መነሻው የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ ድንጋዩ ዓባይ በረሃ ገደሉ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ኬሚስቶች ካልሲየም ካርቦኔት ይሉታል። ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፤ የተቃጠለ ኖራ የምንለው እሱን ነው። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲጠጣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ ግድግዳ የሚቀባው፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚያያይዘው ይህኛው ነው። ውሃውን ሲጠጣ የሚያወጣው ሙቀት ቀላል አይደለም። በደንብ የተቃጠለ አንድ ኪሎ ኖራ ሦስት ሊትር ያህል ውሃ የሚያፈላ ሙቀት በውስጡ አለ። ስለዚህ ኖራው ወደ ብዙ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ክምሩ ላይ ውሃ አይደፋም። በባዶ እጅ ማቡካት፣ ዓይንን ሳይሸፍኑ ማማሰል ሊተዉት የሚገባ ድፍረት ነው። ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ብሌንን ያበላሻል፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ያስፈልጋል።

ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ያልታወቀው ኖራ እንዴት እንደሚጠነክር ነው። ግንበኛውም፣ ቀቢውም፣ ባለቤቱም የሚሉት አንድ ነው፤ “ሲደርቅ ይጠነክራል።” ይህ ስለ ጭቃ እውነት ነው። ቢቸናና ሞጣ ውስጥ በእንጨትና በጭድ ጭቃ የተሠራ ቤት ግድግዳው የሚጠነክረው ውሃው ስለሚተን ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ያ ውሃ ይመለስና ይላላል። ኖራ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ክረምት በገባ ቁጥር ይቀልጥ ነበር። እውነቱን ሚዛን ያሳያል። ንጹሕ 100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፣ 56 ይቀራል። ያ 56 ኪሎ 18 ኪሎ ውሃ ሲጠጣ 74 ይሆናል። ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ ያንን 18 ኪሎ ውሃ ለቆ በምትኩ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይወስድና እንደገና 100 ኪሎ ድንጋይ ይሆናል። የሚደርቅ ነገር ይቀላል፤ ኖራ ግን ከ74 ወደ 100 ይከብዳል። ሌላም ማስረጃ አለ። በውሃ የቦካ ኖራ አየር በማያገባ ዕቃ ቢዘጋ ለዓመታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ክፍት ሲተው ላዩ ይጋግራል። የኖራ ውሃ አዝቅጦ ከላይ የጠራውን ቀድቶ በብርጭቆ ይዞ በቀሰም ቀስ ብሎ ቢተነፍሱበት ወተት ይመስላል። ያ ነጭ ደመና ከትንፋሻችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሠራ ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ነው። ብርጭቆው ውስጥ አንድም ጠብታ አልደረቀም፤ ድንጋዩ ግን ተወልዷል። (ትንፋሽ ወደ ውጭ ብቻ ነው፤ ውሃው ቆዳንና አፍን ያቃጥላል።)

“ታዲያ የተቀባ ግድግዳ ፀሐይ ሲመታው ነጥቶ ሲደርቅ በዓይናችን የምናየውስ?” የሚል ይኖራል። ውሃው መትነኑ እውነት ነው፤ ጥንካሬው ግን ከእሱ አይመጣም። እንዲያውም ቶሎ መድረቁ ጠላቱ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጀመሪያ እርጥበት ውስጥ መሟሟት አለበት፤ እርጥበቱ ቀድሞ ካለቀ ሥራው በመንገድ ይቀራል። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ መዳፍ ሲያሳልፉ እጅ ላይ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ይናገራል። ሰው ግን “ኖራው ውሸት ነው” ብሎ ነጋዴውን ያማል። ኖራው ሳይሆን አቀባቡ ነው ጥፋተኛው። በቀትር ፀሐይ፣ ትቢያው ባልተራገፈና ውሃ ባልነካው ግድግዳ ላይ በወፍራሙ መለሰንና በዚያው መሄድ ኖራን መበደል ነው። ግድግዳውን አርሶ፣ ስስ ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት፣ ለጥቂት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ርከፍከፍ ማድረግ፤ ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሁለተኛው ክርክር የእንቁላሉ ነው። የጎንደሩ የፋሲል ግንብና የዚያ ዘመን ድልድዮች በኖራና በእንቁላል ስለተሠሩ ጸኑ ሲባል እንሰማለን። በብዙ አገር የጥንት ግንበኞች ወደ ኖራ ልዩ ልዩ ነገር ይጨምሩ ነበርና ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጭማሪ የቦካውን ኖራ ለሥራ ሊያመች ይችላል። ድንጋይን ከድንጋይ አጣብቆ መቶ ዓመታት የሚያኖረው ግን እንቁላል አይደለም። ከሞጣ ወደ እስቴ በሚያሻግረው ስፍራ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ እንመልከት። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ስሙን ያገኘው ጎርፍ ጥሎት ሳይሆን በጣልያን ወረራ ጊዜ ሰው መካከሉን ስለቆረጠው ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ያህል የዓባይን ክረምት ችሎ ኖሯል። በወፍራም ግንብ ውስጥ ኖራ ወደ ድንጋይነት የሚመለሰው ከላይ ወደ ውስጥ፣ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ነው። ውጭው ድንጋይ ሲሆን ውስጡ ገና ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚህ ረጅም ጊዜ ግንቡ ትንሽ ቢሰነጠቅ በዝናብ የሟሟ ኖራ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አየር ሲያገኝ መልሶ ይደድራል፣ ስንጥቁንም ይደፍነዋል። የዚህን ሁሉ ምስጋና ለእንቁላል መስጠት ሥራውን የሠራውን ነገር መካድ ነው።

“ሲሚንቶ እያለ ምን ኖራ አስፈለገ?” ለሚለውም መልስ አለው። ሲሚንቶ ቶሎ ይጠነክራል፣ ውሃ ውስጥም ይጠነክራል፤ ለፎቅና ለአዲስ ድልድይ የሚወዳደረው የለም። ኖራም የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም የተፈጨ ሸክላ ሲቀላቀልበት ውሃ ውስጥ ይጠነክራል፤ ንጹሑ ኖራ ግን ይህን አይችልም። ነገር ግን አሮጌ የኖራ ግንብ በሲሚንቶ መለሰን ስህተት ነው። ሲሚንቶው ከኖራው ይልቅ ጠንካራና ድፍን ስለሆነ ግንቡ ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ጉዳቱ ሁሉ በአሮጌው ድንጋይ ላይ ይወድቅና የድንጋዩ ፊት እየተፈረፈረ ይወርዳል። በኖራ የተሠራ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ድልድይ የሚታደሰው በኖራ ነው።

ኖራ የሚባለው ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ብሎ ያለው አሲዳማ ማሳ ላይ የሚበተነው ኖራ ባብዛኛው ሳይቃጠል የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ አይፈላም፣ እንደተቃጠለው ቆዳ አያነድም፣ አቧራው ግን ዓይንና ሳንባ ያስቸግራልና አፍንጫ ሸፍኖ መበተን ይበጃል። ለግንባታ ውሃ ጠጥቶ በከረጢት የሚሸጠውን ኖራ ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ሎሚ ይበቃል። ከከረጢቱ ቁንጥር ወስዶ ጥቂት የሎሚ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት በኃይል አረፋ ካወጣ ወይ ከመጀመሪያው ያልተቃጠለ ድንጋይ ነው፣ ወይ ደግሞ ከረጢቱ ክፍት ቆይቶ አየር ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል፤ ለማሳ ይሆናል እንጂ ግንብ አይይዝም። ዝም ካለ ገና አቅም አለውና አፉን አጥብቆ አስሮ ከእርጥበት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።