ቴኳንዶ መጀመር አስበዋል? ለጅማትዎ ጊዜ ይስጡ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ ባሉ ሰፈሮች ልጆቻቸውን ወደ ቴኳንዶ ስልጠና የሚያመላልሱ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ዳር ቆመው ሲመለከቱ «እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ብጀምር?» የሚሉም ይኖራሉ። መልሱ «ይችላሉ» ነው። ጀማሪ አዋቂን ለጉዳት የሚያጋልጠው ከዕድሜው ይልቅ ጥድፊያው ነው።

ስልጠና ሲጀምሩ ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይላመዳሉ። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። በሁለተኛው ወር «አሁንስ በረታሁ» ብለው ከፍ ያለ እርግጫ ሲሞክሩ የኋላ ታፋ ወይም ጉልበት የሚጎዳው ለዚህ ነው።

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ካለብዎ፣ ወይም ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን የሚያምዎ ከሆነ ከመመዝገብዎ በፊት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይታዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ በመሆኗ በቅርቡ ከቆላ የመጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥራቸው አይግረማቸው፤ ፍጥነታቸውን ይቀንሱ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት እየወሰዱ መሰልጠን ይበቃል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነትዎን ያሟሙቁ። እርግጫዎ ከወገብ በላይ አይውጣ። ሲራገጡ የቆሙበት እግር ተረከዝ አብሮ መዞር አለበት፤ መሬት ላይ ተተክሎ ከቀረ ጥምዘዛው በሙሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። እግርዎን ለማላቀቅ ሌላ ሰው በላይዎ ላይ እንዲጫን ፈጽሞ አይፍቀዱ። ከስልጠና በኋላ ለሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚቆይ የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው። የሚወጋ ሕመም ወይም የመገጣጠሚያ እብጠት ግን «አቁም» የሚል ምልክት ነው።

ክለብ ሲመርጡ ስለ ግጥሚያ ይጠይቁ። በአገራችን በሁለቱም የቴኳንዶ ስልቶች የሚያሰለጥኑ ክለቦች አሉ። በኦሊምፒክ በሚታየው ስልት ፊትን በቡጢ መምታት ሲከለከል፣ አይ ቲ ኤፍ በተባለው ግን ይፈቀዳል። በሁለቱም ጭንቅላት ላይ እርግጫ ስላለ የራስ፣ የጥርስና የብልት መከላከያ ሳያደርጉ አይጋጠሙ። የመከላከያን ዋጋ የጎራዴ ስፖርት በሞት ተምሮታል። እ.ኤ.አ በ1982 ሮም ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የተሰበረ ስለት የሶቪየቱን ቭላድሚር ስሚርኖቭ ጭንብል በስቶ ለሞት ዳርጎታል። ከዚያ በኋላ የጭንብልና የልብስ ደረጃ ጠብቋል።

ጭንቅላትዎን ተመትተው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ከተሰማዎ በዚያው ቅጽበት ያቁሙ፤ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋና ሐኪም ሳይፈቅድ አይመለሱ። ማስመለስ ከተደጋገመ ወይም ራስን መሳት ካለ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ወለምታ ሲያጋጥም ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ያበጠ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሲታሽ ግን ጉዳቱ ሊባባስ ይችላል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት፣ እግርዎን ከፍ አድርገው ያሳርፉ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎ ራጅ ያስፈልግዎታል። በቀርከሃ ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ይገታል፤ በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ሰዎች አሉ። ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ እሥሩን ፈትተው ሳይውሉ ሳያድሩ ሕክምና ይድረሱ።

በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን በቴኳንዶ ወክሏል። የእርስዎ ግብ ግን ሜዳሊያ ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሁለት የአንድ ሰዓት ስልጠናና የግማሽ ሰዓት ፈጣን የእግር ጉዞ ይህን ይሞላሉ። ነጩን ቀበቶ ሳይቸኩሉ ይልበሱት።