በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ለሚደረግ ጥናት ስለ ካሜራ ማቆሚያ አመራረጥ

ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጡ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘባቸውን ለካሜራው ያውሉና ለባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ማለትም ለትራይፖዱ፣ የተረፈውን ይመድባሉ። የዚህ ልማድ ጉዳት በቢቸናና በሞጣ መካከል ባሉት አድባራት ጎልቶ ይታያል።

በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ማርያም ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኖቹ ክብ ስለሆኑ ወደ ቅድስቱ የሚደርሰው ብርሃን በበርና በመስኮት የሚገባው ብቻ ነው። የብልጭታ መብራት በቀለሙ ላይ ነጸብራቅ ያመጣል፤ ካህናቱም ላይፈቅዱት ይችላሉ። ስለዚህ የካሜራው መዝጊያ አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ያህል ተከፍቶ መቆየት ይኖርበታል፤ ይህንንም ያህል ጊዜ ካሜራን በእጅ ይዞ ሳያንቀሳቅሱ መቆየት አይቻልም። ቦታው ጠባብ ነውና እግሮቹ በተለያየ ማዕዘን የሚከፈቱ፣ መካከለኛው ዘንግ ሳይነሣ እስከ ዓይን ቁመት የሚደርስ ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ከፍ ባለ መጠን መንቀጥቀጡ ይጨምራልና። የእግሮቹ ጫፍ ጎማ ይሁን፤ ሹል ብረት ለውጭ መሬት እንጂ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ አይሆንም። ሦስት እግር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወዛወዝም፤ የምድጃችን ጉልቻ ሦስት የሆነበትም ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው ዝርዝር እንደሚያሳየው የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ቡድን በአዲስ አበባና በጎጃም ጠቅላይ ግዛት መጻሕፍትን አንሥቶ ነበር። ዛሬ ይህን የመሰለውን ሥራ በዲጂታል ካሜራ የሚሠራ ሰው ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲመለከት አግድም ክንድ ያለው ማቆሚያ ይሻል። ከእግሮቹ አንዱ በክንዱ አቅጣጫ ይቁም፤ በተቃራኒው የክንዱ ጫፍም የአሸዋ ከረጢት ይንጠልጠል። ካሜራው ተገልብጦ ገጹ ላይ ቢወድቅ የሚደርሰው ጥፋት በምንም አይካስም። እንደ ኳስ የሚዞረውን ራስ ለዚህ ሥራ አልመርጥም፤ አንዱን ማዕዘን ለማስተካከል ሲፈቱት ሌላውም አብሮ ይፈታል። ሦስቱን አቅጣጫ ለየብቻ የሚያጠብቀው ይሻላል። በገጹ ቦታ ትንሽ መስተዋት ቢያኖሩና የሌንሱ ምስል በመመልከቻው መካከል ቢታይ፣ ካሜራው ከገጹ ጋር ትይዩ መሆኑ ይታወቃል።

ፋብሪካው የሚጽፈው የመሸከም ዓቅም ከካሜራውና ከሌንሱ ክብደት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። የካርቦኑ ቀላል ቢሆንም ውድ ነው፤ ዕቃው በመኪና ወይም በበቅሎ የሚጫን ከሆነ የአሉሚኒየሙ ይበቃል።

በመርጡለ ማርያም ያለውን የጥንቱን ሕንጻ ፍርስራሽ ለማንሣት ብርሃኑ ብዙ ስለሆነ ቀላሉም ማቆሚያ አያንስም። በጥምቀት ሰልፍ መካከል ግን ሦስት እግር የሰው መሰናክል ይሆናልና በማደሪያ ትቶ ባለ አንድ እግሩን መያዝ ይሻላል።