መረቡን ከወንዙ አፍ አርቁ

«ዓሣው ግር ብሎ በሚመጣበት ሰሞን ለምን መረብ አንሡ ትሉናላችሁ?» የጣና አስጋሪዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ይጠይቁኛል።

መልሱ ጉማራ ወንዝ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ነው። በነሐሴና በመስከረም ወንዙ ሲሞላ፣ በርካታ የነጭ ዓሣ (ላቢዮባርበስ) ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ወደ ገባሮቹ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ጠጠራማ መሬትና ኦክስጅን የጠገበ ወራጅ ውሃ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ አያገኙትም። ስለዚህ ሁሉም በአንዲት ጠባብ በር ይሰበሰባል። እዚያ መረብ ከዘረጋን የምንይዘው ገና ያልወለደችውን እናት ነው፤ ሆዷ ሲቀደድ እንቁላሉ ይዘረገፋል።

ቀረሶ (ቲላፒያ) ግን እዚያው ሐይቁ ዳርቻ ስለሚራባ እንዲህ በአንድ በር አይጠመድም።

ምክሬ፦ በእነዚህ ወራት ከወንዙ አፍ ራቁ። ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዱቄትም አትበትኑ፤ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም።