ሞኒተሩ ምን አጠፋ?

ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ባለ 4ኬ ላፕቶፕ ደብረ ማርቆስ ገብቶ፣ ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከከረመ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ጋር ሲገናኝ ጣጣው ወዲያው ይጀምራል። ላፕቶፑ ላይ ልከኛ የነበረው ፊደል ሞኒተሩ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ያህላል። ወቀሳው ሁሉ ሞኒተሩ ላይ ይወርዳል። ገሚሱ ኬብል ይቀይራል፤ ገሚሱ ይባስ ብሎ የላፕቶፑን ጥራት ወደ 1920 በ1080 ያወርዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው። ‹ሲ›ን ከ‹ሴ› የሚለያት ከእግሯ ግርጌ ያለችው ቅጥያ ክብ ሆና መዞር አለመዞሯ ብቻ ነው። ጽሑፍ ሲያርም የሚውል ሰው እጁ የገባውን ጥራት እንዴት በገዛ ፈቃዱ ይጥላል?

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ መላው ኤክስራንድአር የሚባል የተርሚናል መሣሪያ ነው። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ኤክስ፣ አር፣ ኤ፣ ኤን፣ ዲ፣ አር ተብሎ ይጻፋል። ከሥሩ ያለውን ራንድአር የተባለውን አሠራር የነደፉት ጂም ጌቲስና ኪት ፓካርድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 1.2ኛው እትም ሞኒተር እየሰኩና እየነቀሉ መሥራትን አመጣ፤ 1.3ኛው ደግሞ ምስል ማሳነስና ማግዘፍን። ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ የተሰካውን ስክሪን ሁሉ ከነስሙና ከነጥራት ልኩ ይዘረዝርላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 3840 በ2160 ፒክስል 15.6 ኢንች ላይ ሲታጨቅ በአንድ ኢንች 282 ገደማ ይሆናል። የሞኒተሩ 1920 በ1080 ግን 24 ኢንች ላይ ስለተዘረጋ በኢንች 92 ብቻ ነው። ኤክስ የተባለው የስክሪን አስተዳዳሪ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ሜዳ ስለሚያያቸው ለአንዱ ፊደል በሁለቱም ላይ እኩል ፒክስል ይመድባል። ፊደሉ ሞኒተሩ ላይ ሦስት እጥፍ ገዝፎ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑን አትንኩት። ለሞኒተሩ ‹ስኬል› የሚለውን አማራጭ 2 በ2 አድርጋችሁ ስጡት፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የእንግሊዝኛዋ ኤክስ ትገባለች። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። 2 ሲባል ማግዘፍ ይመስለውና፣ ለማሳነስ ብሎ 0.5 ይሰጣል፤ ፊደሉ ጭራሽ ሲያብጥ መሣሪያውን ይረግማል። ቁጥሩ የሚያበዛው ፊደሉን አይደለም፤ ለሞኒተሩ የሚመደበውን ሜዳ ነው። 2 በ2 ስትሉ ሞኒተሩ 3840 በ2160 የሚያህል ሜዳ ይደርሰዋል። ያንን በራሱ 1920 በ1080 ውስጥ ለማስገባት አራቱን ፒክስል ወደ አንድ ያዋህዳል፤ ፊደሉም በግማሽ ያንሳል። ከላፕቶፑ ፊደል አሁንም አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፤ ሞኒተር ግን ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዓይን ያን ያህል አይቆጥረውም።

‹ፊልተሩን (ፒክስሎቹ የሚዋሃዱበትን ስልት) ኒረስት አድርገው› የሚል መካሪም ገጥሞኛል። ኒረስት ምስል በሙሉ ቁጥር ሲገዝፍ ይበጃል። ሲያንስ ግን ከአራት ፒክስል ሦስቱን ጥሎ አንዱን ስለሚያስቀር የ‹ሴ›ን ቀለበት ይበላታል። የተለመደው ፊልተር ባይሊኒየር እንዳለ ይቆይ።

ሞኒተሩ በስተቀኝ ከሆነ ‹ፖዝ› በሚለው አማራጭ 3840 በ0 ላይ አስቀምጡት። ከ3840 ያነሰ ከሰጣችሁ የሁለቱ ምስል ይደራረባል። ብታዙትም ምንም የማይለወጥ ከሆነ በኤክስ ፋንታ ዌይላንድ የተባለው ሌላ የስክሪን አስተዳዳሪ ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ በኡቡንቱ 22.04 እና 24.04 የይለፍ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ከታች ባለችው ባለ ጥርስ ምልክት ገብታችሁ ወደ ኤክስ የሚመልሳችሁን ኤክስኦርግ የሚለውን ምረጡ።

መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩ ይጨልማል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል። ሞኒተሩ ላይ የተከፈተው ሰነድ የጠፋ ይመስላል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተካክል ተማሪ በዚህ ደንግጦ የላፕቶፑን ማጥፊያ ቁልፍ ተጭኖ በግድ ሲያጠፋው አይቻለሁ፤ ሰነዱን የጎዳው ራሱ ነው። ሞኒተሩን በስሙ ጠርታችሁ ‹ኦፍ› በሉት፤ የተከፈተው ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ይመለሳል።

ኤክስራንድአር ያዘዛችሁትን አያስታውስም፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲበራ ከዜሮ ነው። ስለዚህ ትዕዛዙን በአንድ ፋይል ጽፋችሁ አኑሩት፤ ጠዋት ጠዋት እሱን ማስነሳት ይበቃል። ኢንተርኔት የለም ብላችሁም አትስነፉ፤ ሙሉ መመሪያው ተርሚናሉ ውስጥ አለ። ‹ማን› ብላችሁ የመሣሪያውን ስም አስከትሉ፤ ስለ ስኬል የሚለውንም ሁለት ጊዜ አንብቡት።