የታመመ ወዳጅን ብቻውን አለመተው

ከአሰላ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ አንድ ገበሬ ወዳጅ አለኝ። እግሩ በዝሆኔ ካበጠ ወዲህ ሰዎች «ይጋባል» እያሉ ሸሹት፤ እርሱም ከገበያና ከማኅበር ቀረ። ልጠይቀው ብሄድ «እግሬስ ይሁን፤ መኖሬ ለምን ይበጃል?» አለኝ። በውጭ አገር እብጠትን መመርመር ተምሬአለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ።

እንዲህ ያለው ሐዘን የልብ ስንፍና አይደለም፤ የመንፈስ ጭንቀት የሚባል ሕመም ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ በዚህ ሕመም እንደሚጠቁ አሳይተዋል።

ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዱት፥ የደጋው ዝሆኔ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ አብሮ መብላት አያስፈራም።

ውድ አንባቢ ሆይ! እንዲህ ያለ ወዳጅ ቢኖርዎ «አይዞህ» ብለው ብቻ አይመለሱ። ቡና አብረውት ይጠጡ፤ ሲናገር ያድምጡት። እግሩን በየዕለቱ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እንዲታጠብ፥ አድርቆ ቅባት እንዲቀባና ጫማ እንዲያደርግ ይርዱት፤ ወደ ጤና ጣቢያም አብረውት ይሂዱ። ስለ መሞት የሚናገር ከሆነ ግን ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ዕለት ለሐኪም ያሳዩት።

የወዳጄ እግር ፈጽሞ አልዳነም። ነገር ግን ባለፈው የገበያ ቀን ጫማውን አድርጎ፥ ገብስ ሲሸጥ አገኘሁት።