የሁለት ሰው ዓይንና የአንዲት ልጅ ጉልበት

አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ በአዳማ የአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነዎት እንበል። የ15 ዓመት ልጃገረድ የቅርጫት ኳስ ልትቀልብ ዘልላ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ አዘነበለ። እርስዎ «3» ብለው ጻፉ፤ አጠገብዎ የተቀመጡት ባልንጀራዎ ግን «1» አሉ። ዝላይዋ አንድ ነው፤ ታዲያ የማንኛችሁ ትክክል ነው?

ነገሩ ጨዋታ አይደለም። በጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማት፥ አንድ ዓይነት ስፖርት ከሚጫወቱት ወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ አዘውትሮ ይበጠሳል። የቅርጫት ኳስ ዘመድ በሆነው በኔትቦል ደግሞ ኳስ የያዘች ልጅ ይዛ መሮጥ ስለማይፈቀድላት ድንገት መቆም ግዴታዋ ነው፤ ሸክሙም በጉልበቷ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የእንቅስቃሴ ምርመራ ተፈለሰፈ። በጣም የታወቀው 7 ፈተና አለው፤ ቁጢጥ ብሎ መነሣት አንዱ ነው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ 21። ሕመም ከተሰማት 0 ነው።

ሚዛኑን ለመፈተን ልጅቱን በእጅ ስልክ ይቅረጹ። ሁለታችሁም ሳትተያዩ ነጥብ ስጡ፤ ከሳምንት በኋላም ያንኑ ፊልም እንደገና መዝኑ። ድምሩ ብቻ አያታልልዎ፤ ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ሄደው 14 ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ልጆቹ ሁሉ «2» የሚያገኙ ከሆነም ዓይንን ጨፍኖ መስማማት ይቻላል፤ በዚህም ምክንያት ጃኮብ ኮኸን በ1960 (እ.ኤ.አ.) የአጋጣሚውን ስምምነት የሚቀንስ ስሌት አሳተመ።

ስምምነት ግን ትንቢት አይደለም። ነጥቧ ያነሰ ልጅ አስተራረፍ ትማር እንጂ አትባረር። «ከቡድኑ ትውጣ» የሚል አሠልጣኝ ቢያጋጥምዎ፥ ሁለተኛው መዛኝ ማን እንደ ነበረ ይጠይቁት።