ጩኸቱ ይቀነስ ወይስ ይቆይ? የቢትልስ የሆሊውድ ቦውል ቅጂ ሙግት

በመድረክ ላይ የተቀዳ የሮክ ሙዚቃ ከብዙ ዓመት በኋላ ከማኅደር ወጥቶ ሲታተም አድናቂዎች በአብዛኛው የሚከራከሩት በሚክሲንጉ ነው። ሚክሲንግ በየማይክራፎኑ የተቀዳውን ድምፅ አዋህዶ የትኛው እንደሚጎላ፣ የትኛው እንደሚለሰልስ፣ የትኛው ወደ ግራ የትኛውስ ወደ ቀኝ እንደሚሰማ የመወሰን ሥራ ነው። በአማርኛ አልበሞች ሽፋን ላይ ከግጥም፣ ከዜማና ከቅንብር ጋር አብሮ ስሙ የሚጻፈው የሚክሲንግ ባለሙያ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አዲስ አልበም ሲሠራ ዘፋኙ አጠገብ ተቀምጦ «ይህን ከፍ አድርገው፣ ያንን ቀንሰው» ይላል። የማኅደር ቅጂ ላይ ግን ውሳኔው የሚወድቀው በኮንሰርቱ ምሽት ባልነበሩ ሰዎች እጅ ሊሆን ይችላል። የብሪታንያው የሮክ ባንድ ቢትልስ በሆሊውድ ቦውል ያቀረባቸው ኮንሰርቶች ቅጂ የዚህ ሙግት ጥሩ ማሳያ ነው።

ሆሊውድ ቦውል በሎስ አንጀለስ ከተማ በኮረብታ የተከበበ፣ ጣሪያ የሌለው የሙዚቃ ሥፍራ ሲሆን ከ17 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ቢትልስ እዚያ የተጫወተው ሦስት ምሽት ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1964፣ ከዚያም ኦገስት 29 እና 30 ቀን 1965። የባንዱ የአሜሪካ አሳታሚ ካፒቶል ሦስቱንም ምሽት ቀድቷል። እያንዳንዱ ዝግጅት ግማሽ ሰዓት ገደማ የፈጀ ሲሆን የታዳሚው ጩኸት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አላባራም። በዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ራሳቸውን የሚሰሙበት፣ ወደ መድረኩ የዞረ ስፒከር አልነበራቸውም። ድራመሩ ሪንጎ ስታር ዘፈኑ የት እንደደረሰ ይከታተል የነበረው ከፊቱ የቆሙትን ባልደረቦቹን እንቅስቃሴ እያየ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። በኦገስት 29 ደግሞ የቤዝ ተጫዋቹ የፖል ማካርትኒ ማይክራፎን በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች አልሠራ በማለቱ የዚያ ምሽት ቅጂ ጎዶሎ ሆነ።

ትልቁ ችግር ግን ከመቅረጫው ጋር የተያያዘ ነበር። ቴፑ ሦስት ትራክ ብቻ ነበረው። ትራክ ማለት በአንድ ቴፕ ላይ ጎን ለጎን የሚሄድ ራሱን የቻለ የድምፅ መስመር ነው። አራት ሰው የሚዘፍነውና የሚጫወተው፣ በዚያ ላይ የሺዎች ጩኸት፣ በሦስት መስመር ሲታጨቅ ብዙ ድምፆች አንድ መስመር መጋራታቸው ግድ ነው። ቤዝና ድራም አንድ ትራክ ላይ ከተቀዱ ቤዙን ከፍ ያደረገ ድራሙንም አብሮ ከፍ ያደርጋል። ጩኸቱማ በሁሉም ማይክራፎን ስለገባ የዘፋኙን ድምፅ ያጎላ ሰው ጩኸቱንም ማጉላቱ አይቀርም። ካፒቶል ጥራቱን አይቶ ቅጂውን ሳያወጣው ቀረ፤ በ1964 መጨረሻ ከአንድ ዘፈን የተቆረጠ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ክፍል ብቻ በሌላ አልበም ውስጥ ተሰማ። ኮንሰርቶቹ ያለፈቃድ በታተሙ ሸክላዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቆዩ።

የባንዱ ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲን ቴፖቹን ያነሳቸው ከ10 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ባለ ሦስት ትራክ ማጫወቻ ያን ጊዜ ጠፍቶ ስለነበር ተፈልጎ ተፈልጎ አንድ አሮጌ ማሽን ተገኘ። እሱም ሲሠራ ይግል ነበርና ማርቲንና የድምፅ ኢንጂነሩ ጄፍ ኤመሪክ በምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ቀዝቃዛ አየር እየነፉበት ድምፁን ወደ ባለ 24 ትራክ ቴፕ ገለበጡ። ከዚያ ከ1964ቱና ከ1965ቱ ምሽቶች 13 ዘፈኖች መርጠው፣ ቆርጠውና አያይዘው በሜይ 1977 አወጡ። አልበሙ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ያንን ሸክላ ማጫወቻው ላይ ያስቀመጠ ሰው በቅድሚያ የሚጠብቀው የጩኸት ግድግዳ ነው፤ ዘፈኑ የሚመጣው ያንን ሰንጥቆ ነው።

በሴፕቴምበር 2016 የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን ከኢንጂነሩ ሳም ኦኬል ጋር ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ ባለ ሦስት ትራክ ቴፖች የሠራው አዲስ ሚክስ ወጣ። አልበሙ የወጣው ሮን ሃዋርድ ስለ ቢትልስ የኮንሰርት ዓመታት ከሠራው ዘጋቢ ፊልም ጋር ሲሆን አራት ተጨማሪ ዘፈኖች ይዟል። አባትየው ያልነበረውን መሣሪያ ልጁ አግኝቶ ነበር፤ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ጄምስ ክላርክ ያዘጋጀውን፣ አንድ ላይ የተቀዱ ድምፆችን የሚለያይ የኮምፒውተር ፕሮግራም። ፕሮግራሙ ድምፁን የትኛው ቃና በየትኛው ቅጽበት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ወደሚያሳይ ምስል ይለውጠዋል። የቤዝ ክር፣ የድራም ምትና የሰው ጩኸት በዚህ ምስል ላይ የየራሳቸው መልክ ስላላቸው አንዱን ከሌላው ነቅሶ ማውጣት ይቻላል። ተለይቶ የወጣው ድምፅ ከዚያ በኋላ ብቻውን ከፍና ዝቅ ይላል።

አድናቂዎች በሁለት ወገን የተከፈሉት እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ሚክስ የወደዱት የማካርትኒ ቤዝና የሪንጎ ድራም ጥርት ብለው መውጣታቸውን፣ ድምፃውያኑ ራሳቸውን ሳይሰሙ እንኳ ተስማምተው መዝፈናቸው መታወቁን ይጠቅሳሉ። ለእነሱ ጩኸቱ ሙዚቃውን ሸፍኖ የኖረ መጋረጃ ነው፤ ሲነሳ ቢትልስ መድረክ ላይ ምን ያህል ብርቱ እንደነበረ ይታያል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጩኸቱ የታሪኩ አካል ነው ይላሉ። በእነሱ እምነት ሆሊውድ ቦውልን ሆሊውድ ቦውል ያሰኘው ያ የወጣቶች ጩኸት ስለሆነ እሱ ሲቀነስ የምሽቱ ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል። በኮምፒውተር የተነጠለ ድምፅ አልፎ አልፎ ተፈጥሯዊ ለዛውን ያጣል፣ ለዘመኑ ጆሮ ተብሎም ከልክ በላይ ታጭቆ ጮክ ተደርጓል የሚሉም አሉ። ሌላው ቅሬታ የአሳታሚውን ውሳኔ የሚመለከት ነው። የ1977ቱ ሚክስ በሲዲ ሳይታተም ስለቀረ አዲሱ የቀድሞውን ተካው እንጂ አልተጨመረበትም፤ ሦስቱ ኮንሰርቶችም እያንዳንዳቸው ሙሉ ሆነው አልወጡም።

በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የ1977ቱ ሸክላም ያልተነካ «ዋና» ቅጂ አለመሆኑ ነው። እሱም ከተለያዩ ዓመታት ምሽቶች ተመርጦና ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። በቦታው የነበረው ታዳሚም ቢሆን በሸክላው ላይ ያለውን ድምፅ አልሰማም፤ ከኋላ የተቀመጠው ከአጠገቡ ጩኸት በቀር የሚሰማው ጥቂት ነበር። መድረክ ላይ የነበሩት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ሰሙ። ስለዚህ ሚክስ ሠሪው የሚያደርገው አድማጩን የሚያቆምበትን ቦታ መምረጥ ነው፤ የ1977ቱ ከሕዝቡ መካከል ያቆመዋል፣ የ2016ቱ ወደ መድረኩ ያስጠጋዋል። ሁለቱም በታሪክ የሚደገፉ ምርጫዎች ናቸው፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ድምፅን የመነጣጠል ዘዴ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ በርትቷል። በ2022 በወጣው የቢትልስ «ሪቮልቨር» አልበም አዲስ ሚክስ፣ በ2023 ደግሞ የባንዱ አባል የነበረው የጆን ሌነን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ተለይቶ በተሠራው «ናው ኤንድ ዜን» ዘፈን ላይ በተራቀቀ መልኩ አገልግሏል። መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር የቀድሞ ቅጂዎች እንደገና መሠራታቸው አይቀርም። ለአድናቂም ሆነ ለታሪክ የሚበጀው ዋናው ቴፕ ሳይነካ እንዲቀመጥ፣ ቀድሞ የወጣውም ሚክስ ከአዲሱ ጎን ከገበያ ሳይጠፋ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚሰማ ሰው የዚያን ምሽት ሙዚቃና የዚያን ምሽት ሕዝብ በየተራ ያገኛል።